የመሪጌታ ካሎሪ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰቆጣ ገበያ ገብቼ ሽንኩርቴን ገዝቼ በሰላም የተመለስሁበት ቀን የለም። አንዷ ከሚዛኗ ጀርባ ሆና፣ «ሲስተር፣ በሞቴ፣ በቀን ስንት ልብላ?» ትለኛለች። ሌላው ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ይቺን ለማጥፋት ስንት ካሎሪ ይበቃል?» ይላል። እኔም ቱግ ማለት ልማዴ ነውና፣ «መጀመሪያ ሽንኩርቱን መዝኚልኝ፣ አንቺን በኋላ እመዝንሻለሁ!» እላለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ግን ጥላ ፈልጌ ቁጭ እላለሁ። ስንት ልብላ ላለኝ ሰው ቆሜ መልስ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለዚህም ምክንያት አለኝ።

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ራሱ አንዳንዴ ይገርመኛል። የሥራ ዘመኔን እኩሌታ ያሳለፍሁት በዚሁ በዋግ፣ ሰውን ብሉ እያልሁ ነው። እኩሌታውን ደግሞ ቀንሱ እያልሁ። ሁለቱንም ከአንድ ቤተሰብ ጋር ኖሬዋለሁና የዚያን ቤት ነገር ልናገር።

ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብሁት ጋዝጊብላ ነበር። ዝናብ የቀረበት ዓመት ስለነበር እናቶች የከሱ ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ ይመጡ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ሞላ የሚባል ጤና ረዳት ነው። ጋሽ ሞላ የተቀመጠች እናት ፊት ቆሞ ሲያወራ አንድ ቀን አላየሁትም። ቁጢጥ ይልና ዓይኗን እያየ ይጠይቃል። «ምን ትበላላችሁ?» ብሎ ግን አይጠይቅም። «በዚህ አገር ማን ቤቱን ያጋልጣል? ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ነው የምትልሽ» ይለኝ ነበር። የእሱ ጥያቄ፣ «ትሪው ላይ ስንት ሆናችሁ ትቀርባላችሁ? ልጁ በማን በኩል ነው የሚቀመጠው?» የሚል ነው። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው የራሱን ድርሻ አያውቀውም። ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሲነገረው ግን ጋሽ ሞላ የማን እጅ ፈጣን፣ የማን እጅ አጭር እንደሆነ ገምቶ ያገኘው ነበር።

ለልጆቹ ወተት በምንሰጥበት ኩባያ ላይ ሁለት ጭረት ነበር፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። በምስማር የጫረው ራሱ ነው። «የተራበ ልጅ አንጀት ይበላል። ሁሉንም አጠጭው፣ አጠጭው ይልሻል ሆድሽ። ከላይኛው ካለፍሽ አካሉ አይችለውም። ከታችኛው ከወረድሽ ደግሞ አይነሣም» ይለኝ ነበር። ስቸኩል ምላሱን ጠቅ ያደርጋል። ያች ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ዝማምን ያወቅኋት ያኔ ነው። እኩያዬ ናት። ባሏ ሰቆጣ ከአንድ ደብር የአቋቋም መምህር ሆነው ሲያስተምሩ፣ እሷ ትንሿን ልጇን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ገጠር ነበረች። ልጅቱ የማልቀስ አቅም እንኳ አልነበራትም። በሁለቱ ጭረቶች መካከል እያጠጣን፣ ቀስ በቀስ፣ ልጅቱ አንድ ቀን ኩባያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ዝማም ያን ስታይ እጄን ይዛ ሳመችው። «የሲስተር እጅ ይባረክ» ማለትን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተወችም፤ በኋላ እስከምትተው ድረስ።

ከዚያ አምደወርቅ ተዛወርሁ፣ ከአምደወርቅም ሰቆጣ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ሪፖርት ካልደረሰው እንቅልፍ የማይወስደው ነበር፤ ሌላው ደግሞ ሪፖርቱ ሲደርሰው የሚተኛ። ደመወዙን አላነሣውም፣ እሱም እኔን አላነሣኝም። እኔ ሰቆጣ ስደርስ ከተማው ሌላ ሆኖ ነበር። ዘይት በጄሪካን ቤት ይገባል፤ ስኳርና ደም ግፊት የያዛቸው ሰዎች የካርድ ክፍሉን ወንበር ሞልተውታል። ዋናው ሐኪም ጠርቶኝ፣ «ሲስተር፣ አንቺ የምግብ ነገር ታውቂያለሽ፤ አሁን ደግሞ ማክሳት ተማሪ» አለኝ። ሥልጠና ተላክሁ። ያሠለጠኑን ሰዎች ካሎሪ ያስቆጠሩን በፖምና በቶስት ዳቦ ነው። ፖም! በሰቆጣ! ተመልሼ መጥቼ የወጥ ቤት ሚዛን አስገዛሁና የራሳችንን እንጀራ፣ ሽሮ፣ ተልባና ቆሎ መመዘን ጀመርሁ።

መሪጌታ ኪሮስ፣ የዝማም ባል፣ በሬን ያንኳኩት በዚያ ወራት ነው። ቁመታቸው ረጅም ነው፤ ውፍረታቸው ግን ከቁመታቸው ቀድሞ ነበር የሚገባው። የደብር አገልጋይ ያልተጠራበት ማኅበርና ተዝካር የለም፤ የተጠራ ደግሞ «አፈር ስሆን ይብሉልኝ» ይባላል። ስኳር ከያዛቸው ሰንብቷል፤ ክኒን ይወስዳሉ። ያስመጣቸው ግን ስኳሩ አልነበረም።

«ሲስተር፣ ጉልበቴ አልሸከም አለኝ» አሉኝ። «ማኅሌት ቆሞ ነው። እኔ ተቀምጬ ልጆቹ ሲቆሙ፣ እኔ ያላሳየኋቸውን እንዴት ይማራሉ? ይህን ሥጋ አውርጅልኝና ቆሜ ላገልግል።»

በደብሩ የማኅሌቱን አቋቋም፣ የእግሩንና የመቋሚያውን ስልት፣ የሚመሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የሚጠይቁኝ መቆም እንዲችሉ ነው፤ ሌላ ነገር አልፈለጉም።

ስለ ካሎሪ አስረዳኋቸው። ምግብ ውስጥ ያለ የጉልበት ልክ ነው፤ ሰውነት የሚያቃጥለውን ያህል ከገባ ክብደት ባለበት ይቆማል፤ ትንሽ ካነሰ ሰውነት ከስቡ እየወሰደ ይቀንሳል አልኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና፣ «ለመሆኑ ይሄ ካሎሪ ጾም ነው ፍስክ?» አሉኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ግን ጥያቄው ሞኝነት አልነበረም። በጾም ወራት በዘይት፣ በተልባና በሱፍ የሚሠራው ምግብ ከፍስኩ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሰው ሁሉ የጾመ እየመሰለው የሚወፍረው ለዚህ ነው።

ክብደታቸውን፣ ቁመታቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ወደ ደብሩ የሚወጡትን ዳገት ሁሉ አስገብቼ በቀን የሚያስፈልጋቸውን አሰላሁ። ከዚያ ላይ አምስት መቶ ያህል ቀነስሁ፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢወርዱ ይበቃል። ከዚያ የፈጠነ ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውንም ይዞ ይሄዳል፤ ለሚቆም ሰው ደግሞ ጡንቻው ነው እግሩ። እንደ ጋሽ ሞላ ሁለት ቁጥር ሰጠኋቸው። ከሺህ ስምንት መቶ አይለፉ። ከሺህ አምስት መቶ አይውረዱ። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ክኒኑን እንዳይወስዱም ነገርኋቸው። ሐኪሙም ደግሞ ነገራቸው።

ቁጥር ግን በትሪ ላይ አይታይም፤ ቤታቸው ሄድሁ። የዝማምን እንጀራ መዘንሁ፤ የማክሰኞው ስስ፣ የቅዳሜው ወፍራም ነው፣ መካከለኛውን ያዝሁ። ዘይቷን ከማሰሮው በላይ ይዛ ስታንቆረቁር አይቼ በማንኪያ እንድትለካው ለመንኋት። ጠላውን በዋንጫ ቆጠርሁ። መሪጌታ ጠላ የሚበላ ነገር እንዳልሆነ ሊያስረዱኝ ሞከሩ። ማሩ ላይ ደግሞ ተጣላን። የአገራችን ነጭ ማር መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት እንዴት ይቆጠራል? አሉ። ለብቻ ሳህን ሲባሉ፣ «እንደ ተጣላ ሰው?» ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ከዚያው ከትሪው ላይ፣ በእሳቸው በኩል አንድ እንጀራ ታጥፎ የድርሻቸው ድንበር እንዲሆን ተስማማን።

«ጉርሻም ይቆጠራል» አልሁ በመጨረሻ።

ዝማም ቀና አለች። «ባሌን ላላጎርስ?»

«ለጊዜው ተይው፤ ልኩን ያጠፋብናል።»

ለመሪጌታ በኽምጠኛ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አንድ ነገር ብላ ማንኪያዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ኽምጠኛዬ የገበያ ያህል ስለሆነ ያለችውን በደንብ አልያዝሁትም። መሪጌታ ግን አቀርቅረው ቀሩ።

መሪጌታ በየሳምንቱ እየመጡ ይመዘኑ ጀመር። ከግማሽ ኪሎ በላይ ይወርዳሉ። ሲደጋገም ደስታዬ ወደ ጭንቀት ተለወጠ። «መሪጌታ፣ የነገርሁዎትን እየበሉ ነው?» ስላቸው፣ «ከታዘዝሁት አንድ ቁራሽ አላለፍሁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በገበያው ግን ወሬው ተነሥቷል። በዋግ ሰው ሲከሳ እሰይ የሚል የለም፤ ምን ነካው ነው የሚባለው። «መሪጌታ ከሱ፣ መሪጌታ ታመሙ» ተባለ።

በጾመ ነቢያት፣ በአንድ የበዓል ጠዋት፣ በባጃጅ አምጥተው አልጋ ላይ ጣሏቸው። ማኅሌቱን እየመሩ ላባቸው ፈሶ፣ ቃላቸው ተዘባርቆ፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ ደረጃው ላይ ወድቀዋል። ግንባራቸው ተፈንክቷል። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ስኳራቸውን ስለካ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ሊጠፋ ደርሷል። በደም ሥር ስኳር ሰጠናቸውና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ።

ዝማም በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋ በደም ተነክሯል።

«ልጄን አብልተሽ አዳንሽልኝ» አለችኝ። «ባሌን አስርበሽ ልትገይልኝ ነበር? ይህን አገር ረሃብ አንሶት ነው ወይ አንቺ ደግሞ ሌላ የምትጨምሪበት?»

መሪጌታ ሲረጋጉ ተጠግቼ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ስንት ነበር የሚበሉት?» አልኋቸው።

«እኩሌታውን» አሉ በደከመ ድምፅ። «ክኒኑንም ጠዋት ባዶ ሆዴን ወሰድሁ፤ ምግብ ከቅዳሴ በኋላ ነው ብዬ።»

«ለምን? ከዚህ አይውረዱ ብዬዎት አልነበር?»

«ልክ ሰጠሽኝ፤ እኔም እንደ ቀኖና ተቀበልሁት። የንስሐ አባት ይህን ያህል ጹም ሲል፣ አጥብቆ የጾመ ይመሰገናል እንጂ ይነቀፋል? የታችኛው ቁጥር ደግሞ ለሕሙማንና ለነፍሰ ጡር እንደሚፈቀደው ያለ መሰለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኜ በፈቃድ ልጠቀም?»

«መሪጌታ፣ ታዲያ ሕሙሙ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ጣሪያውን አዩ። «አልመሰለኝም ነበር» አሉ።

ከመድኃኒት ክፍሉ ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ። ትሪውን፣ ዘይቱን፣ ጠላውን ሁሉ ጠይቄ ነበር። የተሰጠውን ልክ አንድ የደብር ሰው በምን ጆሮ እንደሚሰማው ግን ለመጠየቅ አላሰብሁም። ጋሽ ሞላ በሕይወት ቢኖር ምላሱን ጠቅ ያደርግብኝ ነበር።

ከዚያ የባሰ መጣ። ምእመናኑ መሪጌታችንን እናንሣቸው ብለው ማር፣ ቅቤ፣ ድፎ ዳቦ ይዘው ጎረፉ። ማን ይከለክላል? እኔማ አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር በድንጋይ እባረር ነበር። ዝማምም መንገድ ላይ ስታየኝ ማዶ ትሻገራለች። ዓመት ሳይሞላ ክብደቱ ተመለሰ፤ ጨምሮም መጣ። ስኳሩ አሻቀበ። እጃቸው ቢድንም በእግር ጣታቸው ላይ አንድ ቁስል ወጣና አልደርቅ አለ። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠለ እግሩ ራሱ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገራቸው። ሊቆሙ የመጡ ሰው! ማኅሌቱን በርጩማ ላይ ተቀምጠው በአፍ ብቻ ይመሩ ጀመር፤ ተማሪዎቹም የእግሩን ስልት የሚያዩበት አጡ።

ጨነቀኝ። መሪጌታን ራሳቸውን አስፈቀድሁና ወደ ንስሐ አባታቸው፣ ወደ አባ ወልደ ሥላሴ ሄድሁ። አባ ዓይናቸው ደክሟል፤ ነገር ግን ይሰማሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሁለቱን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ልጄ፣ ስሕተቱ ገባኝ» አሉ። «አንቺ የሐኪም ልክ ሰጠሽው፣ እሱ የተጋድሎ አደረገው። በይ ሁለቱንም ጥሪልኝ።»

መሪጌታና ዝማም መጡ። ዝማም ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተናገሩ።

«ኪሮስ፣ ቀኖናህ ይህ ነው። እህታችን ካለችው በላይ አትበላም። ካለችው በታችም አትወርድም። ብትወርድ ጾም ብለህ እንዳትቆጥረው፤ ትዕቢት ነው። እስክትድን ጠዋት ቀምሰህ መድኃኒትህን ትወስዳለህ።»

መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። ሰው ሲጾም መብላት ለእሳቸው ከስግደት ሁሉ የከበደ ነበር። ቢሆንም፣ «ይሁን አባቴ» አሉ።

«ደግሞ» አሉ አባ፣ «ልማድህን አውቃለሁ፤ ከድርሻህ ልታስቀር ትችላለህ። ያስቀረኸውን ዝማም ታጎርስሃለች፤ አንተም እንቢ አትልም።»

ዝማም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያን ሁሉ ጊዜ የከለከልኋት ነገር ምን እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ሚዛኔን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ዝማም አላባረረችኝም፤ ግን አታየኝም። «አንድ ጉርሻ ጠቅልይልኝና ልመዝነው» አልኋት። እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮ አጠቀሰች፣ ጠቀለለች፣ ጨመረች፣ ጠቀለለች፤ ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው ሳህኑ ዘመም አለ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ ጉርሻ ነው ወይስ ራት?» አልሁ ሳላስበው።

ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። መሪጌታ ከወዲያ፣ «ለሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው ያነቀችኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ተደራደርን። ጉርሻውን እየቀነስን መዘንነው፤ ሁለታችንንም የሚያስማማ መጠን ላይ ስንደርስ ዝማም በእጇ ያዘችውና ክብደቱን አጠናችው። ድጋሚ ስትጠቀልል ልክ ያው መጣ። ሐኪሙም ክኒኑን ከምግባቸው ጋር አስማማው።

ቀስ ብሎ ነው የወረደው። አንዳንድ ሳምንት ምንም የለም፤ አንዳንዱ፣ በተለይ ከፋሲካ በኋላ፣ ወደ ላይ ሄደ። ቁጣዬን ዋጥሁ። ቁስሉ ግን ደረቀ። እግራቸው ተረፈ። መጀመሪያ ለአንድ ዜማ ቆሙ፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ በርጩማውን ለአንድ ሽማግሌ አቀበሉት።

እኔ ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ጥምቀት ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ሳይ፣ መሪጌታ ኪሮስ በጠራራ ፀሐይ ወረቡን እየመሩ ከታቦቱ ፊት ወረዱ። ጎንበስ፣ ቀና፣ መቋሚያው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፤ ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ከእግራቸው አልነቀሉም። እልል አልሁ። ድምፄ እስኪዘጋ እልል አልሁ።

በኋላ ዝማም እጄን ይዛ ቤቷ ወሰደችኝ። ትሪው ቀረበ፤ በመሪጌታ በኩል ያች የታጠፈች እንጀራ ድንበር ሆና ተቀምጣለች። መሪጌታ ጸሎት አድርሰው በሉ። ደህና አድርገው በሉ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ከድንበሩ ወዲህ ጥቂት ቀርታለች።

«አየሽልኝ?» አለች ዝማም። «ሁልጊዜ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አይጨርስም! ጠግቤአለሁ ይላል። ቁርስ ቢሆን፣ ራት ቢሆን፣ ይቺን ያህል ያስተርፋል። ዕዳው የእኔ፤ ቀኖና ነው ብዬ አጎርሰዋለሁ።»

የቀረችውን አየኋት። ዕድሜዬን በሙሉ ምግብ ስመዝን ኖሬአለሁና ሚዛን አላስፈለገኝም። በዚያን ቀን የተስማማንባት የዝማም ጉርሻ ናት፤ አትበልጥ፣ አታንስ። ቀና ብዬ መሪጌታን አየሁ። እሳቸው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መቋሚያቸውን እያዩ ነው።

«መሪጌታ…» አልሁ።

«ተይ ሲስተር» አሉ በዝግታ። «ልኩን አላጠፋሁም።»

ዝማም እያጉረመረመች ጠቀለለች። መሪጌታም አፋቸውን ከፈቱ።